ሳንጎ ላይ ባሕሩ ይታጨዳል

ከቺንግዳኦ የተሳፈርንበት ፈጣን ባቡር የሻንዶንግን ልሳነ ምድር ወደ ምሥራቅ ሰንጥቆ ሮንግቼንግ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ቢጫ ባሕር ነው፤ ከባሕሩ ማዶ ኮሪያ። ወደዚህ የወሰደኝ ሳንጎ የሚባል ሰላጤ ነው። ስፋቱ ወደ 140 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱ በአማካይ ከ8 ሜትር አይበልጥም። ከዚህ ብዙም ጥልቀት ከሌለው ውሃ በየዓመቱ ከ200,000 ቶን በላይ የባሕር አረም፣ እንዲሁም ኦይስተር፣ ስካሎፕና አባሎኒ የሚባሉ ዛጎል ለበስ ፍጥረታት ይወጣሉ። ቁጥሩን ገና አዲስ አበባ ሆኜ ሳነበው አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኝ ነበር፦ ይህን ያህል ፍጥረት በአንድ ቦታ ሲበላ፣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ ውሃው እንዴት ሳይሞት ቀረ?

አብሮኝ የመጣው ቺንግዳኦ ላይ የዓሣ ሀብት ሳይንስ የሚያጠና የባሕር ዳር ከተማ ልጅ ነው። ቻይንኛውን አቀላጥፎታል፤ የጠየቅሁትን ሁሉ ይተረጉምልኛል፣ አንዳንዴም መተርጎሙን ትቶ ራሱ ይመልስልኛል። የባሕር ዳርቻው መንደር ደርሰን ዕቃችንን ስናስቀምጥ፣ «ጋሼ፣ በጊዜ ይተኙ፤ እዚህ አጨዳ የሚጀመረው በሌሊት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ወሩ ግንቦት፣ የኬልፕ መሰብሰቢያ ነው። ሠራተኞቹ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ጀልባ ላይ ናቸው። የሚያስቸኩላቸው ፀሐይ ናት፤ ሌሊት የተቆረጠው ኬልፕ ማለዳ መሬት ላይ ተሰጥቶ ቀኑን ሙሉ ካልደረቀ ጥራቱን ያጣል። ኬልፕ ቡናማ የባሕር አረም ነው፤ ሰፊና ወፍራም፣ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚረዝም ቅጠል። ሞተር ያላት አንዲት ጀልባ ብዙ ትናንሽ ጀልባዎችን በገመድ አስከትላ ወደ ጨለማው ትገባለች። ሲነጋ ሁሉም እስከ ጠርዛቸው ተሞልተው፣ ለመስመጥ ጣት ያህል ሲቀራቸው ይመለሳሉ። ወደቡ ላይ ክሬን እያነሳ የጭነት መኪና ላይ ይገለብጠዋል፤ ሴቶችና ወንዶች ደግሞ ሜዳው ላይ አንድ በአንድ እየዘረጉ ያሰጡታል። ያን ጠዋት የማየው መሬት በሙሉ በኬልፕ ተሸፍኖ፣ ጨውና አዮዲን ይሸት ነበር።

ከዚያ በኋላ እኛም በጀልባ ወጣን። ጀልባውን የሚነዱት ስድሳውን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ልጁ በአገሩ ደንብ «አጎቴ» እያለ ያናግራቸዋል። ተንሳፋፊ ኳሶቹ ዓይን እስከሚደርስበት ተሰልፈዋል። ከኳስ እስከ ኳስ ገመድ ተወጥሯል፤ በሁለት ገመዶች መካከል ኬልፕ ተዘርግቷል፤ ከገመዶቹ ደግሞ ፎቅ ፎቅ ያላቸው ክብ መረቦች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ሽማግሌው አንዱን መረብ ጎትተው አወጡት። ውስጡ አባሎኒ አለ፤ ባለ አንድ ቅርፊት የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ቻይና ውስጥ በሠርግና በድግስ ገበታ ላይ በውድ ዋጋ የሚቀርብ። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ካለው ገመድ ኬልፕ ቆርጠው በመረቡ አፍ ሞጅረው መልሰው ለቀቁት። ያ ነው መኖው። ከአጠገቡ የበቀለ፣ ያልተገዛ፣ ያልተጓጓዘ።

የመኖውን መንገድ ተከትዬ እስከ መጨረሻው ለመሄድ ሞከርኩ። አባሎኒው ኬልፑን ይበላል። ከገላው አሞኒያ ሆኖ የሚወጣው ናይትሮጅን ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ኬልፑ ደግሞ የሚያድገው ይህንኑ ናይትሮጅን ከውሃው እየመጠጠ ነው። ከአባሎኒው የሚወጣው ጠጣር ቆሻሻና የኬልፕ ፍርፋሪ ወደ መረቡ ወለል ይወርዳል። እዚያ ወለል ላይ ገበሬዎቹ የባሕር ኪያር ያስቀምጣሉ፤ ሥራው አፈርና ዝቃጭ እየላሰ መብላት የሆነ ለስላሳ ፍጥረት ነው። እሱም በተራው ገበያ ላይ ዋጋው የከበረ ነው። ከዚህ ሁሉ ያመለጠው ደቃቅ ብናኝ በውሃው እየተነዳ ኦይስተርና ስካሎፕ ዘንድ ይደርሳል። አንድ ትልቅ ኦይስተር ምቹ ቀን ሲያገኝ ከ100 ሊትር በላይ ውሃ አጣርቶ ብናኙንና ፕላንክተን የሚባሉትን ረቂቅ ፍጥረታት ያስቀራል።

ሰላጤው ውስጥ ዓሣ የሚረባባቸው የመረብ በረቶችም አሉ፤ እነሱ ጋ ነው ችግሩ የሚከብደው። ዓሣ መኖው ከውጭ ይመጣለታል። በመኖው ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ገላው ላይ የሚቀረው ከሩብ እስከ ሢሶ ቢሆን ነው፤ ሌላው ከፊሉ በስንጥቡ በኩል ተሟሟቶ፣ ከፊሉ በሆዱ በኩል ጠጣር ሆኖ ወደ ውሃው ይመለሳል። ዓሣ አርቢው መኖ ብሎ ከገዛው የሚበዛውን ለማንም ሳይጠቅም ባሕር ላይ ይደፋዋል ማለት ነው። ባሕሩም ዝም አይልም። ያ ናይትሮጅን አንድ ነገር ያበቅላል፤ ምን እንደሚያበቅል ገበሬው ካልመረጠ ራሱ ይመርጣል።

ይህ አብሮ የማርባት ዘዴ ለቻይና አዲስ አይደለም። በወንዝና በኩሬ ዓሣ የሚያረቡ ገበሬዎቿ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ አራት ዓይነት ካርፕ በአንድ ኩሬ ያኖራሉ፦ አንዱ ሣር በል፣ አንዱ ከሣር በሉ ሆድ በወጣው የሚለመልመውን ረቂቅ ዕፅዋት የሚያጣራ፣ ሦስተኛው ረቂቅ እንስሳቱን፣ አራተኛው የኩሬውን ወለል ቀንድ አውጣ የሚለቅም። በምዕራቡ ዓለም ነገሩ መደበኛ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2004 ካናዳ ውስጥ ነው። ቲየሪ ሾፓን የተባሉት የኒው ብረንዝዊክ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው በፈንዲ ሰላጤ ከሳልመን በረቶች አጠገብ ኬልፕና መስል የተባለውን ዛጎል ለበስ አሳድገው ነበር። ከበረቱ ርቆ ከሚበቅለው ጋር ሲያስተያዩት የኬልፑ ዕድገት 46 በመቶ፣ የመስሉ 50 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። የሳልመኑ ትርፍራፊ ጎረቤቶቹን መቀለቡን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር አላውቅም።

ኬልፕ ራሱ ለዚህ ባሕር እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ከጃፓን ወደ ዳሊያን ወደብ ሳይታሰብ ገባ። ውሃው በበጋ ስለሚሞቅበት በራሱ ብዙ ሊስፋፋ አልቻለም። ኋላ ላይ ዜንግ ቼንግኩይ የሚባሉ፣ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የተማሩ የባሕር አረም ሊቅ ቺንግዳኦ ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ችግኙን በጋውን በሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የማቆየት ዘዴ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የባሕሩ ውሃ ለኬልፕ የሚበቃ ናይትሮጅን አልነበረውምና፣ ገበሬዎቹ ማዳበሪያ የሞሉበት የሸክላ ማሰሮ ከገመዱ ላይ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ማዳበሪያው በሸክላው ቀዳዳ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ባሕር ላይ ማዳበሪያ! ይህን ስሰማ ሽማግሌውን እውነት ነው ወይ ብዬ አስጠየቅኋቸው። አባታቸው ማሰሮ ሲሰቅሉ በልጅነታቸው እንዳዩ ነገሩን። ዛሬ በእነዚያ ማሰሮዎች ቦታ የተሰቀለው አባሎኒ ነው።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ የሰመረ ሆኖ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የስካሎፕ ዋጋ ሲንር የሰሜን ቻይና ሰላጤዎች በስካሎፕ መረብ ተጨናነቁ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 በበጋው ሙቀት ስካሎፑ በጅምላ አለቀ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል፤ መረቡን ሲያወጡት ክብደቱ ያው ነበረ፣ ሲከፍቱት ግን ባዶ ቅርፊት። የሞቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ በሽታም ሙቀትም አለበት፣ መጨናነቁ ግን ሁሉንም አባባሰው። በዚያው ዘመን የቻይናና የአውሮፓ ተመራማሪዎች ሳንጎ ላይ የውሃውን ፍሰት ለክተው አሰሉ። በእርሻው መካከል ገመዱ፣ መረቡና ኬልፑ እየገቱት የፍሰቱ ፍጥነት በግማሽ ገደማ ወርዶ ተገኘ። ፍሰት ሲደክም ኦይስተሩ የሚበላው ፕላንክተን አይደርሰውም፤ ቆሻሻውም አይጓዝለትም። ገበሬው አንድ ገመድ በጨመረ ቁጥር የጎረቤቱንም የራሱንም ምግብ ይዘጋል።

እዚህ ላይ የሳንጎ ትምህርት ከብዙ ሰው ጽሑፍ የሚለይብኝ ነጥብ አለ። ስለ አብሮ ማርባት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ኬልፕ ባሕሩን ያጸዳል፣ ኦይስተር ባሕሩን ያጸዳል ይባላል። ኬልፕ ግን ናይትሮጅኑን ከውሃው ወስዶ ቅጠሉ ውስጥ ያኖረዋል እንጂ አያጠፋውም። ሰኔ አልፎ ውሃው ሲሞቅ ቅጠሉ ገመዱ ላይ እንዳለ ከቀረ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል፣ ኦክስጅኑንም አብሮ ይጨርሳል። ናይትሮጅኑ ከሰላጤው ለዘለቄታው የሚወጣው ሌሊት በ8 ሰዓት የሚነሱት ሰዎች ቆርጠው ወደ መሬት ሲያመጡት ነው። ሳንጎን የሚያጸዳው አጨዳው ነው። ዘዴውን ወደ ሌላ አገር ልውሰድ የሚል ሁሉ ኬልፑን ከመትከሉ በፊት የሚያጭደውን ሰው፣ የሚያሰጣበትን ሜዳ፣ የሚገዛውን ገበያ ማሰብ አለበት ባይ ነኝ። ሳንጎ ላይ ኬልፑ ወደ ሾርባ ይገባል፣ አልጂኔት የተባለውን ማወፈሪያ ወደሚያወጣ ፋብሪካ ይሄዳል፣ አባሎኒ ይቀለብበታል። ማንም ጽዳት ነው ብሎ አይሠራውም።

ኬልፑ ሲነሳ ገመዱ ባዶ አይከርምም። ግራሲላሪያ የሚባል ቀይ የባሕር አረም ሙቀት ስለሚወድ ከሰኔ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ቦታውን ይይዛል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ኬልፑ ይመለሳል። የእኛ ገበሬ ስንዴውን አንስቶ ባቄላ እንደሚዘራበት ነው፤ እዚህ ግን አፈሩ ራሱ ይፈሳል። አባሎኒውም ግራሲላሪያውን ይበላል። የብርዱ ወራት ሲገቡ የሳንጎ ውሃ ለአባሎኒው ከልክ በላይ ስለሚቀዘቅዝበት ገበሬዎቹ ወደ ደቡብ፣ ወደ ፉጂያን ጠቅላይ ግዛት ወስደው እዚያ ያከርሙታል፤ ጸደይ ላይ ይመልሱታል። ከብት ቆላና ደጋ እያመላለሰ ለሚያረባ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም።

ከሰላጤው ደቡብ ጫፍ ዶንግቹዳኦ የምትባል መንደር አለች። ቤቶቿ የድንጋይ ግድግዳ አላቸው፤ ጣሪያቸው ግን ማዕበል ወደ ዳር የሚተፋው የባሕር ሣር ነው፤ ተከምሮ ተከምሮ የሰው ክንድ ከሚሰፍረው በላይ ወፍሯል፣ ትውልድ ተሻግሮ ይቆያል። ይህ ሣር ኬልፕ አይደለም፤ ሥር ያለው፣ ባሕሩ ወለል ላይ ራሱ በቅሎ ለትናንሽ ዓሣዎች መጠለያ የሚሆን ነው። ዛሬ በዚህ ዳርቻ እጅግ ተመናምኗል፤ ጣሪያ የሚጠግን ሰው እንኳ ሣሩን አያገኝም። መንደሯ ውስጥ ስዘዋወር ያዘንኩት በዚህ ነው። እርሻው ብዙ ነገር ተክቷል፤ ይህን ግን አልተካም፤ ገመድ ላይ የሚበቅል አረም መሬት ላይ ሥር የሰደደ ሣርን ሥራ አይሠራም። አብሮ ማርባት ለተፈጥሮ ባሕር ምትክ ተደርጎ ሲወራ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

ወደ ቺንግዳኦ ስንመለስ ልጁ ከተማው ዳርቻ ወደሚገኘው የጀልባ ውድድር ወደብ ወሰደኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኦሊምፒክ የሸራ ጀልባ ውድድር የተደረገው እዚህ ነው። ውድድሩ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ባሕሩ አረንጓዴ አረም ለብሶ ውሃው ጠፋ። ከ10,000 በላይ ሰው፣ ወታደርም ጭምር፣ ወጥቶ ከ1,000,000 ቶን በላይ አረም አነሳ። አረሙ ከየት እንደመጣ ተመራማሪዎች ሲከታተሉ የደረሱት ከቺንግዳኦ በስተ ደቡብ በጂያንግሱ ዳርቻ ባሉ፣ ኖሪ የተባለው የሚበላ የባሕር አረም የሚለማባቸው እርሻዎች ነው። እርሻዎቹ ላይ ካለው ገመድና መረብ ጋር አረንጓዴው አረም ተጣብቆ ይበቅላል፤ ገበሬዎቹ ወቅቱ ሲያልቅ ፍቀው እዚያው ባሕር ላይ ይጥሉት ነበር። የተጣለው አረም በናይትሮጅን የዳበረውን ውሃ እየበላ፣ በነፋስ እየተነዳ ወደ ሰሜን እየበዛ መጣ። ሳንጎና ጂያንግሱ አንድ ባሕር ላይ ናቸው፤ ሁለቱም አረም ያበቅላሉ። አንደኛው የበቀለውን አጭዶ ወደ መሬት ያወጣል፤ ሌላኛው ያልፈለገውን ፍቆ ወደ ባሕር ይመልስ ነበር።

ልጁ ወደቡ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ የእኛ እምቦጭ ትዝ አላለዎትም?» አለኝ። ለካ እሱም ቀኑን ሙሉ እኔ የማስበውን ሲያስብ ነበር። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ የየቀበሌው ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ያላየ የለም። ሐይቁ ውስጥ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ እምቦጩን ይቀልባል፤ ሰው ነቅሎ ዳር ላይ ይከምረዋል፤ ክምሩ ሲበሰብስና ዝናብ ሲመጣ የተነቀለው ምግብ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። እምቦጭ ይረባ ማለቴ አይደለም፤ ወራሪ አረም ነው፣ መጥፋት አለበት። ግን ያ ሁሉ የገበሬ ጉልበት ከሐይቁ ያወጣውን ናይትሮጅን ከዳርቻው አርቆ የሚያደርስ፣ ኮምፖስት አድርጎ ማሳ ላይ የሚያሳርፍ ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ዘመቻው ግማሽ መንገድ ላይ አይቀርም ነበር። ይህን የምለው በቁጭት ነው።

ከቁጭቱ ጋር አንድ ጥንቃቄ አብሮ ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ ላይ የሮንግቼንግ ኬልፕ በሰፊው ነጣ፣ ተላጠ፣ በሰበሰ፤ የአካባቢው ገበሬ ከባድ ኪሳራ ደረሰበት። ጥናቶች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ የውሃው ከልክ በላይ መጥራትና የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ማነስ ናቸው። ብርሃኑ በዝቶበት፣ ምግቡ አንሶበት ኬልፑ ተቃጠለ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩን ጀልባው ላይ ነበርን፤ እጃቸው ላይ ያለውን ቅጠል እየገለባበጡ ጤናውን ያዩ ነበር። ትናንት ቆሻሻ በዝቷል ሲባል የነበረ ባሕር ዛሬ ረሃብተኛ ሆነ። ስሌቱን አንድ ጊዜ ሠርቶ የሚተኛ ሰው የለም፤ በየዓመቱ ሙቀቱ፣ ዝናቡ፣ ከወንዝ የሚመጣው ሁሉ ይለወጣል።

በዚያው ቀን ጀልባው ላይ ልጁ ስለ ጣና አጫወታቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ የጠየቁት ጥልቀቱን ነው። በአማካይ 8 ሜትር ገደማ መሆኑን ሲሰሙ እንደ ሳንጎ ነው ብለው ደስ አላቸው። ቀጥለው ውሃው በምን ያህል ጊዜ እንደሚቀየር ጠየቁ። ልጁ ጣና እንደ ባሕር በየቀኑ ገብቶ የሚወጣ ውሃ እንደሌለው፣ መውጫውም ዓባይና ወደ በለስ የተቆፈረው ዋሻ ብቻ እንደሆነ አስረዳ። ደስታቸው ከፊታቸው ላይ ቀነሰ። እኔ ብሆን እዚህ ከምሰቅለው ሩቡን እንኳ እዚያ አልሰቅልም አሉ፤ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ገብቶ እየወጣ ያግዘኛል፣ የእናንተ ሐይቅ ግን የተሰጠውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል።

ልጁ ይህን ተርጉሞልኝ ሲያበቃ የራሱን ሐሳብ ጨመረ። ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ መጀመሪያ መለካት የሚፈልገው የጉማራና የርብ ወንዞች ክረምት ላይ ምን ያህል ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዘው ወደ ጣና እንደሚገቡ ነው። ስለ ዓሣ በረት ማውራት ያለብን ከዚያ በኋላ ነው አለኝ። ከዚያ የእርሻው ገመድ ላይ ታስሮ ያየነውን የውሃ ፍሰት መለኪያ በስንት እንደገዙት ሊጠይቃቸው ወደ ሽማግሌው ዞረ።